አረጋዊ ጥግ የት ነው?

ስለ ጋሽ አብዱልሐሊም ስናገር ከድምፃቸው መጀመር አለብኝ፤ ሰውነታቸውማ ያን ያህል የሚታይ አይደለም። አጭርና ከሲታ ናቸው፤ ሰው መሀል ሲቆሙ የማንም ትከሻ ይጋርዳቸዋል። ድምፃቸው ግን ወልድያ ፒያሳ ላይ ተነሥቶ ሙጋድ ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈራችንን ቅሬ ሲጠሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የእኛው ግን ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ይቀባበራል። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሲቀድ ይወጡና ከመንገድ መንገድ እየዞሩ ሦስት ነገር ይናገራሉ፤ የሟቹን ስም፣ የማን ቤተሰብ እንደሆነና ድንኳኑ የት እንደተተከለ።

እኔ ቡርቱካን እባላለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ይዤ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰዉ ምላሰኛ ናት ይለኛል፤ ሐሜት ነው አልልም። አሥራ ስድስት ዓመት የሌላውን ሰው ጉዳይ ስጽፍ ኖሬ ዛሬ የራሴን ልጽፍ ተቀመጥኩና «ጉዳዩ» ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እንደ ወሬ ነው የምነግራችሁ።

ድንኳኑ የት ነው የሚለው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የከተማችን መሀል በወረቀት ላይ ያለው ስምና በሰው አፍ ያለው ስም ተገናኝቶ አያውቅም። ያ ፒያሳ ያለው አደባባይ ሦስት መንግሥት ሦስት ስም አውጥቶለታል፤ ሦስቱንም ሰሌዳ አባቴ ሲሰቀልም ሲነሣም አይቷል። በቅሬ ጥሪ ግን ሁሌም «ሚዛን ሜዳ» ነው፤ ድሮ ትልቁ የእህል ሚዛን እዚያ ተሰቅሎ ስለነበር። ከሚዛን ሜዳ ቁልቁል የሚወርደው «ጨው ተራ» ነው፤ ጨው ከተሸጠበት ግን እኔ ሳልወለድ ቆይቷል። «ሁለት ዋርካ» የሚባለው ጋ ያለው ዋርካ አንድ ነው። አንዴ ጋሽ አብዱልሐሊምን «አሁን እንኳ አንድ ዋርካ ይበሉት እንጂ ጋሼ፣ እንግዳ ያስቃሉ» ብላቸው፣ «የተቆረጠውንስ ማን ይጥራው?» አሉኝ። እንዲህ ናቸው። አንድ ነገር ከፈረሰ በኋላም ስሙን ካልጣሉት እንዳለ ይቆጥሩታል።

አሁን ወደ አረጋዊ ጥግ ልውሰዳችሁ።

ጋሽ አረጋዊ ከተምቤን የመጡት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከገበያው የሚመጣው መንገድና ከመስጊዱ የሚወርደው የሚገናኙበት ላይ ገመድ፣ ሚስማርና ፋኖስ የሚሸጡባት ሱቅ ከፈቱ። ያገቡት እዚሁ ነው፣ ፊዮሪን የወለዱት እዚሁ ነው፣ ሚስታቸውንም የቀበሩት እዚሁ ነው። አማርኛቸው የኛው ነበር፤ የትግራይ ልጅ መሆናቸው የሚታወቀው ሲናደዱ ብቻ ነው። ናደድ የሚሉትም በፋኖስ ዋጋ ስንከራከራቸው ነበር።

ጋሽ አብዱልሐሊም ቅሬ መጥራት በጀመሩ በዓመቱ፣ በነሐሴ፣ እናታቸው እትዬ ረሂማ ሞቱ። የዚያን ቀን ዝናቡ አላባራም። ቃሬዛው ወደ መካነ መቃብሩ የሚሻገረው በዚያች መታጠፊያ ነው፤ ቦዩ ሞልቶ መንገዱን ወንዝ አድርጎታል። የሙስሊም ደንብ ሬሳ አያቆይም፣ ቶሎ ማሳረፍ ነው። ሰዉ ቃሬዛውን ተሸክሞ ውሃው ዳር ቆመ። አንዱ እዚህ እንዙር ይላል፣ አንዱ እስኪጎድል እንጠብቅ ይላል፤ ጋሽ አብዱልሐሊም በዝናብ እየራሱ ቃሬዛውን ይዘው ቆመዋል። ይኼኔ ጋሽ አረጋዊ ከሱቃቸው ወጡ፣ አዩ፣ ተመልሰው ገቡ። መዶሻ ይዘው መጡና የሱቃቸውን በር ከነማጠፊያው ነቅለው ቦዩ ላይ ዘረጉት። ከሥር ደግሞ ራሳቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ጠርዙን በትከሻቸው ያዙ። እትዬ ረሂማ በዚያ በር ላይ ተሻገሩ።

ሱቁ ቀኑን ሙሉ ያለ በር ዋለ። አንዲት ሚስማር አልጎደለችም።

በጋ ሲመጣ ሁለቱ ከጥቁር ውሃ ወንዝ በአህያ ድንጋይ እያመላለሱ የቦዩን ግራና ቀኝ ካቡ፣ ከላይም ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፉበት። ከዚያ በኋላ በክረምት ቃሬዛ ቆሞ አያውቅም። ቀጥሎ እዚያ አካባቢ ሰው ሲሞት ጋሽ አብዱልሐሊም ወጡና «ድንኳኑ አረጋዊ ጥግ ነው» ብለው ጠሩ። ማንም «የት ነው?» አላለም፤ ሁሉም ያውቀዋላ። ስሙ እንዲህ ወጣ። ማዘጋጃ ቤት አላወጣውም፣ ካድሬ አላወጣውም። ከዚያ ወዲያ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ ከሐራ እህል ይዞ የሚመጣው ነጋዴም አረጋዊ ጥግ ይል ነበር። እኔ ራሴ መጀመሪያ የጻፍኩት ማመልከቻ ላይ «አመልካች፣ አረጋዊ ጥግ ነዋሪ» የሚል እንዳለበት አስታውሳለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያን ጊዜ ከተማችን ላይ የሆነውን አልዘረዝርም፤ የኖርንበት እናውቀዋለን፣ ያልኖረበትም አይፍረድብን። በእነዚያ ወራት ብዙ ሰው ቀበርን፤ ያለ ጥሪ፣ በጥድፊያ፣ አንዳንዱንም በጓሮ። ጋሽ አረጋዊ እንደማንኛችንም ተዘረፉ፣ እንደማንኛችንም ተራቡ። ያቺ ሱቅ ያን ጊዜ በሯም አልተረፈላት። ከተማው ተረጋጋ በተባለ ጊዜ ግን ሰው ሰውን በስሙ መመርመር ጀመረ። ፊት ለፊት ክፉ የተናገራቸው የለም። ሰላምታ ነው የቀነሰው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «እንዴት አደሩ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ሲያልፉ ስልካቸውን ማየት አበዙ። አንድ ቀን ጋሽ አረጋዊ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጡና «ለጥቂት ቀን ነው» ብለው መርሳ ልጃቸው ፊዮሪ ዘንድ ሄዱ። መርሳ ሩቅ አገር አይደለም፤ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፈህ ትንሽ ስትሄድ ነው። ያቺ ጥቂት ቀን ሦስት ዓመት ሆነች።

እሳቸው በሄዱ በወሩ ገደማ አለሚቱ የምትባል ዳቦ ጋጋሪ እዚያው መታጠፊያ አጠገብ ሞተች። ጋሽ አብዱልሐሊም እንደልማዳቸው ወጥተው ጠሩ። «ድንኳኑ አረጋዊ ጥግ ነው» ሲሉ ከአንድ በረንዳ ላይ የቆመ ሰው «የማን ጥግ ነው ያልከው?» አላቸው። አልከው ነው ያላቸው፤ ነጭ ጢማቸውን እያየ። ሌላ ምንም አልተናገረም። አልመታቸው፣ አልሰደባቸው፣ እጁ ላይም ምንም አልነበረም። ያን ሰው ዛሬም አላውቀውም፤ አልፎ ሂያጅ ይመስለኛል።

ጋሽ አብዱልሐሊም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ባንኩ ፊት ለፊት» አሉ።

እዚያች ጥግ ላይ በቅርቡ የተከፈተ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ነበር። በነጋታው መጥተው አግዳሚዬ ላይ ተቀመጡና «ቡርቴ፣ ለአንድ ቀን ብዬ ነው እኮ» አሉኝ። «ግድ የለም ጋሼ፣ ነገሩ እስኪበርድ ነው» አልኩ። ምላሰኛዋ እኔ ያልኩት ይህንን ነው። የሚቀጥለው ሰው ሲሞት «ባንኩ ፊት ለፊት» አሉ። ከዚያም እንደዚሁ። የከለከላቸው ሰው የለም፤ ወላሂ የለም። ነገሩ በረደ፣ ሰዉ መልሶ ሰላም መባባል ጀመረ፣ እሳቸው ግን አፋቸው ለምዶ ቀረ።

ይህ እንኳ ይቅር። ባለፈው ዓመት መንገዱ ይሰፋል ተባለ። የመሀል ከተማው ቤት ግማሽ ግማሹ ተቆረጠ፤ የጋሽ አረጋዊ ሱቅ ሙሉ በሙሉ ሄደች፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎችና ትንሽ ግቢ ተረፉ። ያ ሁሉ የተነጠፈ ድንጋይ አስፋልት ሥር ገባ። ቀጥሎ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ እያንዳንዱ ቅሬ በሰፈሩ ያሉትን መንገዶች የወል ስም ለይቶ በሽማግሌዎች ፊርማ ያቅርብ፣ ሰሌዳ ይሰቀላል የሚል። መንግሥት እኛን ጠይቆ ሲያውቅ እሱ የመጀመሪያው ነው።

ሰባቱ የቅሬው ሽማግሌዎች፣ ጋሽ አብዱልሐሊምን ጨምሮ፣ እኔው ቤት ተሰበሰቡ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይታገሱ መሀል ተቀመጡ፣ እኔ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ስሙን ሁሉ የሚያውቁት ጋሽ አብዱልሐሊም ናቸውና እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሚዛን ሜዳ። ጨው ተራ። ሁለት ዋርካ። ፈረስ ማሰሪያ። እያንዳንዱን ከነታሪኩ ነው የሚያወጡት፤ ሽማግሌዎቹም እየሳቁ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» ይላሉ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። አሥር መንገድ አለፈ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ጣቶቼን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ሁላችንም የቱ እንደሆነ እናውቃለን። ጋሽ ይታገሱ መሬት መሬት ያያሉ። አንዱ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ጋሽ አብዱልሐሊም ወደ እኔ አዩ፤ አንድ ሰው ቀድሞ እንዲናገርላቸው የሚለምን አስተያየት ነበር። «አረጋዊ ጥግ አይደል እንዴ ጋሼ?» ማለት ስንት ጊዜ ይፈጃል? አላልኩም። የቤቴ በር ክፍት ነበር፣ መንገድ ላይ ሰው ያልፋል፣ እኔም እንጀራዬ ያለው ማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር ነው። እንደዚህ ነው ያሰብኩት፤ አልዋሽም።

«ባንክ መንገድ በይው» አሉ ቀስ ብለው።

ጻፍኩት። ሰባቱም ፈረሙ።

ከሁለት ወር በኋላ ሰማያዊ ሰሌዳዎቹ ተሰቀሉ። «ባንክ መንገድ»። ባንኩ ግን ፎቁ ስለተቆረጠበት ቅርንጫፉን ወደ ሌላ ሰፈር ይዞ ከሄደ ቆይቷል። እዚያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ባንክ ሄዶም ስሙ መንገዱ ላይ ቀረ፤ ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ሰው ስም ግን ጠፋ። ይህን እያየሁ በየቀኑ አልፋለሁ።

በዚህ ዓመት መጋቢት ላይ ፊዮሪ ደወለችልኝ። «አባቴ ታሟል፤ ኩላሊቱ ነው፤ ጋሽ አብዱን ማየት ይፈልጋል» አለችኝ። ጋሽ አብዱልሐሊም ሦስት ዓመት ሙሉ ሄደው አልጠየቋቸውም ነበር። በስልክ ለዒድና ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ ይባባላሉ፣ በቃ። ምክንያታቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም፤ አፍረው እንደሆነ ግን እንኳን እኔ ድንጋይም ያውቀዋል።

አብረን ሄድን። ከመሳፈራችን በፊት ወልድያ መናኸሪያ ላይ አንድ ፌስታል ማንጎ ገዙ። «ጋሼ፣ ይኼ ማንጎ እኮ ትናንት ከመርሳ ነው የመጣው፤ ተመልሶ ሊሄድ ነው?» አልኳቸው። ፌስታሉን አዩት። «ባዶ እጄን ልግባ እንዴ?» አሉ። ሲሪንቃን ስናልፍ የእርሻ ምርምሩን ማሳ እያዩ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አቅፈው ነበር።

ጋሽ አረጋዊ አልጋ ላይ ናቸው፤ ከስተው አልጋው ሰፍቷቸዋል። ሲያዩን ፊታቸው በራ። ተቃቀፉ፤ ረጅም ጊዜ። ፊዮሪ ማንጎውን ተቀብላ ሳቀችና «ጋሼ፣ ከወልድያ ነው የመጣልን?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ለትንሽ ጊዜ እንደ ድሮው ሆነ።

«አብዱ፣ ድምፅህ አለ?» አሉ ጋሽ አረጋዊ።

«ትንሽ ሻከረ እንጂ አለ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«በል ስማኝ። የምቀበረው ወልድያ ነው፣ ከባለቤቴ ጎን፤ ለፊዮሪ ነግሬያታለሁ። ድንኳኑ የቀረችው ግቢ ውስጥ ይተከል። ያንተ ሥራ መጥራት ነው። በጥጌ ጥራኝ። ሌላ ከማንም ምንም አልፈልግም።»

ጋሽ አብዱልሐሊም እጃቸውን እንደያዙ ናቸው። «ኢንሻ አላህ» አሉ።

«መንገዱ ሰፋ፣ ሰሌዳም ተሰቀለ ብለው ነገሩኝ። ስሙ አለ አይደል?»

ያቺን ቅጽበት እስከምሞት አልረሳትም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ሰውየው ይቅር ይሉ ነበር፤ በሩን ነቅለው ውሃ ውስጥ የገቡ ሰው እንዴት ይቅር አይሉም? ምናልባትም ስቀው «አይ አብዱ፣ ፈሪ» ይሉ ነበር። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር።

«አለ» አሉ ጋሽ አብዱልሐሊም።

ጋሽ አረጋዊ ዓይናቸውን ጨፈኑና «እግዜር ይስጥህ» አሉ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «ዋሸሁት» አሉኝ። «አዎ ዋሹት» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኋቸው። ከዚያ ደግሞ እሳቸውን መቆጣቱ ለእኔ ምን ያህል እንደቀለለኝ ገባኝና አፈርኩ። «ነገ ጠዋት ይምጡ፣ እናስተካክለዋለን» አልኳቸው።

በነጋታውኑ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የመንገድ ስም ስህተት እርማት ስለመጠየቅ።» እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ማመልከቻ የለም። ወስደን ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጠን። ጉዳዩን የያዘችው ልጅ ትሑት ናት፤ ፋይሉን አውጥታ የራሴን ጽሑፍ አሳየችኝ። «እናንተው ናችሁ እኮ የፈረማችሁት። ሰባቱም ሽማግሌዎች እንደገና ከፈረሙ እናርመዋለን» አለች። ምን ትበል? ትክክል ናት።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርን። ጋሽ አብዱልሐሊም ቤት ለቤት ሄዱ። ሁለቱ ፈረሙ፤ የራሳቸው ሲጨመር ሦስት ሆነ። ሌሎች ሁለቱ «ይለፍ ትንሽ» አሉ። አንዱ ልጄን ላማክር አሉ። ጋሽ ይታገሱ ግን ቁጭ ብለው በደንብ ሰሟቸውና «አብዱልሐሊም፣ ያን ቀን እኔ አፌ ላይ ነበር። አንተ ታውቃለህ፣ የአንተ ወዳጅ ነው፣ አንተ ካልክ እላለሁ ብዬ ጠበቅኩህ። አንተ ስትተወው ተውኩት። አሁን እንደገና ፈርም ስትለኝ የሰው ዓይን በኔ ላይ ነው» አሉ። ለካ ያን ቀን እዚያ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁላችንም አንድ ሰው እንዲናገርልን ስንጠብቅ ነበር።

ወረቀቱ ሦስት ፊርማ ይዞ መሳቢያዬ ውስጥ እንዳለ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ፊዮሪ በማታ ደወለች። ጋሽ አረጋዊ አረፉ። ሬሳውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እናመጣለን አለችኝ። የቅሬው ልጆች ድንኳኑን ከመንጋቱ በፊት በቀረችው ግቢ ውስጥ ተክለው መቃብር ሊቆፍሩ ሄዱ።

ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ጠበቅኩ። የቅሬው ኮሚቴ ለጋሽ አብዱልሐሊም የድምፅ ማጉያ ገዝቶላቸው ነበር፤ ጥለውት ወጡ። ከሚዛን ሜዳ ጀመሩ። «ስሙ ቅሬዎች፣ ሰፈርተኛ ሁሉ ስሙ። ፋኖስ ሻጩ፣ የፊዮሪ አባት፣ አረጋዊ አርፏል። ሬሳው ከመርሳ እየመጣ ነው። ድንኳኑ አረጋዊ ጥግ ነው።» ድምፃቸው እንደ ወጣትነታቸው ነበር። ጨው ተራ ላይ ደገሙት። ሁለት ዋርካ ላይ ደገሙት። በየቦታው ቆም ብለው ነው፣ ሳይቸኩሉ፣ «አረጋዊ ጥግ» የምትለዋን ሁለት ሁለት ጊዜ እያሉ። ያ በረንዳ ላይ የነበረው ሰው ቢሰማ ይስማ የሚሉ ይመስላሉ። አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ቃላቸውን ጠበቁ ብዬ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ቆጠርኩ፤ ሁሉም ሽማግሌ። ጋሽ ይታገሱ መጥተዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው ጥግ ይዘዋል። አግዳሚው ሁሉ ባዶ ነው። ገና ነው አልን። ሦስት ሰዓት ሆነ። መኪናው ከመርሳ ደረሰ፤ ሬሳውን የሚያወርድ ጎልማሳ ጠፍቶ ሹፌሩና ሽማግሌዎቹ ተጋግዘው አወረዱት።

ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ሚዛን ሜዳ ላይ ሔዋንን አገኘኋት። ሔዋን ከተከራየች ሁለት ዓመት የሆናት ፀጉር ሠሪ ናት፤ የቅሬ አባል ናት፣ ቀብር ቀርታ አታውቅም። ጥቁር ለብሳለች፣ እጇ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ዳቦ ይዛለች፣ ከእሷ ጋር ሌሎች አምስት ስድስት ሴቶች አሉ።

«ቡርቱካንዬ፣ እንኳን አገኘሁሽ» አለችኝ። «አረጋዊ ጥግ የት ነው? ከጠዋት ጀምሮ እየዞርን ነው። ባጃጁን ጠየቅን፣ አያውቀውም። መርሳ ይሆን እንዴ?»

«ኑ፣ እኔ እወስዳችኋለሁ» አልኳቸው። ታች ደግሞ መናኸሪያው አካባቢ የቆሙ ወንዶች ነበሩ፤ እነሱም እንደዚሁ። ጦርነቱ ስንቱን በትኗል፣ ስንቱን ደግሞ ከሌላ ቦታ አምጥቶ እኛ ሰፈር አስቀምጧል፤ መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ የቀረው ነባር ሰው ወደ ዳር ወጥቷል። ለአዲሱ ሰው አረጋዊ ጥግ የሚባል ቦታ ተጠርቶ አያውቅም። እርግጥ ነው፣ ስሙን ሰምቶ፣ ቦታውንም አውቆ፣ ቤቱ የቀረም አለ። ማን ሳያውቅ እንደቀረ፣ ማን አውቆ እንደቀረ ለመለየት ግን የሚያስችል ነገር አልነበረም። ይህንንም ያደረግነው እኛው ነን።

ሴቶቹን ይዤ ተመለስኩ። ፊዮሪ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። አባቷ የስንቱን ሰው ቃሬዛ እንደተሸከመ ታውቃለች። ጋሽ አብዱልሐሊም አጠገቧ ናቸው።

«ጋሼ» አለቻቸው፣ ድምፅዋ ቁጣ የለውም፣ «አልጠሩም እንዴ?»

«ጠርቻለሁ ልጄ።»

«በጥጉ ነው የጠሩት?»

«በጥጉ ነው።»

«ታዲያ ሰዉ የታለ?»

ጋሽ አብዱልሐሊም እሷን አዩ፣ ሬሳውን አዩ፣ እኔን አዩ። እንዳይጠይቁኝ የፈራሁትን አልጠየቁኝም፤ አዲሱ ሰው ጥጉን እንደማያውቀው ራሳቸው ገብቷቸዋል። በትራቸውን አነሡና ወጡ። ተከተልኳቸው። ከግቢው በር ፊት፣ ድሮ የሱቁ በር ቦዩ ላይ የተዘረጋበት ቦታ፣ አስፋልቱ መሀል ቆሙ። ከራሳቸው በላይ ሰማያዊው ሰሌዳ አለ።

«ስሙ ቅሬዎች» አሉ። «አረጋዊ አርፏል። ድንኳኑ...» ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ። «ድንኳኑ ባንክ መንገድ ነው። ባንክ መንገድ ነው፣ ኑ።»

ይህንኑ እየደጋገሙ ሚዛን ሜዳ ደረሱ፣ ጨው ተራ ወረዱ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ድንኳኑ ሞላ፣ ግቢው ሞላ፣ መንገዱም ሞላ። ሙስሊሙ ቃሬዛውን እየተቀባበለ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሸኘ፣ ክርስቲያኑ ተቀብሎ አገባ። ቄሱ ራሳቸው እንዲህ ያለ ሰው የበዛበት ቀብር ከጦርነቱ ወዲህ አላየሁም አሉ። ፊዮሪም ጋሽ አብዱልሐሊምን አቅፋ «እግዜር ይስጥልን፣ አባቴን አከበሩልኝ» አለቻቸው። ሰሌዳውን አይታው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

በሳምንቱ ጋሽ አብዱልሐሊም ለጋሽ ይታገሱ «ከእንግዲህ አልጠራም» ብለው አሳወቁ። የቀሩት አራቱ ሽማግሌዎች ከቀብሩ በኋላ እየመጡ ፈረሙ፤ ጋሽ ይታገሱ ሁሉንም ቀድመው። ወረቀቱን ማዘጋጃ ቤት አስገብቼዋለሁ። ሰሌዳው በሚቀጥለው በጀት ይለወጣል ብለውኛል፤ ይለወጥ ይሆናል። ጋሽ አብዱልሐሊም ሲሰሙ «ጥሩ» ብቻ አሉ።

አሁን ቅሬ የሚጠራው በድምፅ ማጉያ ነው፣ ባጃጅ ላይ ተጭኖ። ጋሽ አብዱልሐሊም ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ባጃጁ እያለፈ «ድንኳኑ ባንክ መንገድ» ሲል እሳቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ «አረጋዊ ጥግ» ይላሉ። ያ ሙጋድ ድረስ ይደርስ የነበረው ድምፅ አሁን የሚሰማው እኔ ጠረጴዛ ድረስ ብቻ ነው። እኔም ሰምቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ።